ቡፌው ለምን ከሰረ? ለወጣት ማኅበራት የሚሆን የሥራና የሕይወት ትምህርት

በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ትምህርት የተገኘው ከአንዲት ትንሽ የቡፌ ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤቷ የምትገኘው በአርሲ ካሉት ደጋ ከተሞች በአንዷ ሲሆን፣ የከፈቷትም በማኅበር የተደራጁ ስድስት ወጣቶች ናቸው። እኔ በሶሲዮሎጂ የተመረቅሁ የሃያ ስምንት ዓመት ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ወጣቶቹን ለአንድ ዓመት ያህል በቅርብ ተከታትያለሁ። የከተማዋንም ሆነ የወጣቶቹን ስም የማልጠቅሰው ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ብዙ ጊዜ «ወጣቱ ሥራ ከያዘ ራሱን ከኤች አይ ቪ ይጠብቃል» ሲባል እንሰማለን። ገቢ ያለው ሰው ለሕይወቱ የሚመርጠው አማራጭ ስለሚሰፋ አባባሉ እውነትነት አለው። ግን ሥራ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው እንዳይዘጋ ማድረግ ደግሞ ሌላ። ሥራውን የሚዘጋው ነገርም ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም። አንዳንዴ ወሬም ይዘጋዋል።

አጀማመሩ

ወጣቶቹ ሥራ የጀመሩት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የነቢያት ጾም ሲገባ ነበር። አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ናቸው። የሚያቀርቡት የጾም ቡፌ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍትና ሰላጣ። ዋጋው ለአንድ ሰው 120 ብር ነበር። መሥሪያ ቤቶቹና የመኪና መናኸሪያው ቅርብ ስለሆኑ ሠራተኛውም ሹፌሩም ይመጣል። በሁዳዴ በቀን እስከ 45 ሰው ይመገብ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለተደራረበ ሙስሊም ደንበኞች ምሳ ሰዓት ላይ ባይመጡም፣ ቤቱ ግን ሞልቶ ነበር።

ሚያዝያ 8 ቀን ፋሲካ ሆነ። በሳምንቱ የተመጋቢው ቁጥር ወደ 28 ወረደ። እኔ ወደ ማኅበሩ የሄድኩት በግንቦት ወር ሲሆን፣ ያኔ የቤት ኪራይ የሁለት ወር አልከፈሉም ነበር። ምን እንደጎደላቸው ስጠይቃቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ማስታወቂያ!» አሉኝ። አንዱ ባነር እናሠራ ይላል፣ ሌላዋ ቴሌቪዥን ገዝተን ኳስ እናሳይ ትላለች። እኔም «እስቲ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አንድ ሳህን ምግብ ስንት ያስወጣችኋል?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ሒሳብ ያዧ «65 ብር አካባቢ ይመስለኛል» አለች። «ይመስለኛል» የምትለው ቃል ስንት ቤት እንደዘጋች ቆጥሮ የሚጨርሳት የለም።

አንደኛ ትምህርት፦ የአንድ ሳህን ወጪ

ለአንድ ሳምንት የተገዛውን ሁሉ ጻፍን። ጤፉን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን፣ ከሰሉን ሳይቀር። ከዚያ ለስንት ሰው ምግብ እንደተሸጠ ቆጠርንና አካፈልነው። የአንድ ሳህን ወጪ 65 ሳይሆን 95 ብር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እርሳስ ካላችሁ ያዙ።

ሰው ቢመጣም ባይመጣም በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ አለ፤ ይህ ቋሚ ወጪ ይባላል። የቤት ኪራይ 6,000 ብር፣ መብራት፣ ውኃና የጥበቃ መዋጮ 3,000 ብር፣ ለስድስቱ አባላት ለእያንዳንዳቸው 2,500 ብር፣ ማለትም 15,000 ብር ነበር። ድምሩ 24,000 ብር ነው።

አንድ ሳህን በ120 ብር ሲሸጥና 95 ብር ሲያስወጣ የሚተርፈው 25 ብር ብቻ ነው። 24,000ን ለ25 ስናካፍል 960 ይመጣል። ስለዚህ በወር 960 ሳህን ካልሸጡ ይከስራሉ። በወር 26 ቀን ስለሚሠሩ በቀን ወደ 37 ሰው ያስፈልጋቸዋል። የሚመጣው ደግሞ 28 ነው። 28 በ26 ሲባዛ 728 ሳህን፤ በ25 ብር ሲባዛ 18,200 ብር። ከ24,000 ሲቀነስ በየወሩ 5,800 ብር ጉድጓድ ይቆፈር ነበር ማለት ነው።

የሳህኑን ወጪ ወደ 70 ብር ማውረድ ቢቻልስ? ከእያንዳንዱ ሳህን 50 ብር ይተርፋል። 24,000 ለ50 ሲካፈል 480 ሳህን ነው፤ በቀን 19 ሰው ገደማ። ያው 28 ሰው እንኳ ቢመጣ በወር 12,400 ብር ትርፍ ይገኛል። ባነርም ቴሌቪዥንም ሳይገዛ! ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንሠራው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከወንዶቹ አንዱ «እና እስከ ዛሬ ስንለፋ የነበረው ለማን ነው?» አለ።

ሁለተኛ ትምህርት፦ 25 ብሩ የት ሄደ?

የጠፋው ገንዘብ በአራት ቀዳዳ እንደሚፈስ ደረስንበት።

ሀ. በሳህን ላይ የሚቀር ምግብ። ሳህኖቹ ትልልቅ ነበሩ። ሰው ደግሞ ሲርበው ዓይኑ ከሆዱ ይበልጣል። ሳህኖቹን በመካከለኛ ቀየርን። እንጀራውን ሙሉ ጥቅል ከማቅረብ ይልቅ ለሁለት ቆርጠን ማቅረብ ጀመርን። የፈለገ ደጋግሞ ያነሳል፤ ማንም አይከለከልም። ግን ግማሽ ጥቅል ሳይነካ የሚጣልበት ጊዜ ቀረ።

ለ. በድስት የሚተርፍ ምግብ። ጠዋት ሁሉን በትልቅ ድስት ሠርቶ አንድ ጊዜ ማቅረብ ቀረ። በትንሽ ዕቃ እየቀረበ ሲያልቅ ይሞላል። ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚሞላው ምን ያህል ሰው እንደቀረ ታይቶ ነው። ያልቀረበና ያልተነካ እንጀራ ለማግስቱ ቁርስ ፍርፍር ይሆናል፣ ወይም ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ከተመጋቢ ሳህን የተመለሰ ምግብ ግን ለሌላ ሰው በምንም መልክ አይቀርብም። ይህ ቀልድ የለውም።

ሐ. ዱቤና ነፃ ምሳ። በየቀኑ ቢያንስ አራት ጓደኛ፣ ሁለት የአክስት ልጅ «በኋላ እከፍላለሁ» ብሎ ይበላል። ይህ ሁላችንም የምናውቀው የአገራችን ይሉኝታ ነው። መፍትሔው ሰው ማስቀየም አይደለም። ማኅበሩ የዱቤ ደብተር አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ አባል ያበላውን እንግዳ በራሱ ስም ያስመዘግባል፣ በወር መጨረሻ ከክፍያው ይቀነሳል። በመጀመሪያው ወር ሦስት የአክስት ልጆች ጠፉ።

መ. በችርቻሮ መግዛት። ምስርና ክክ በየቀኑ በኪሎ ከመግዛት፣ የእህል ምርት ገበያ በሚገባበት ወቅት ሁለት ሦስት ማኅበራት ሆኖ በኩንታል መግዛት ይረክሳል። ወጣቶቹ ከአንድ የሻይ ቤት ማኅበር ጋር ተቀናጅተው ዘይትና ሽንኩርት በጋራ መግዛት ጀመሩ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ የአንድ ሳህን ወጪ 70 ብር ደረሰ።

ሦስተኛ ትምህርት፦ የቀን መቁጠሪያውን ማንበብ

የጾም ምግብ ቤት ያለው ሰው የጾሙን ሥርዓት እንደ ነጋዴም ማወቅ አለበት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ገበያው እንደሚቀዘቅዝ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ከሚገኘው ለነዚያ ቀናት መቆጠብ ያስፈልጋል። ወጣቶቹ ግን የሁዳዴውን ትርፍ ለፋሲካ ልብስ ተከፋፍለውት ነበር።

ሌላው ሰዓት ነው። በሁዳዴና በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ብዙ ሰው አለ። ምግብ ቤቱ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። የጾም ምግብ የሚሸጥ ቤት ጿሚው ሊበላ ሲነሳ ሊዘጋ ነው እንዴ? በጾም ወራት መዝጊያው ወደ 11 ሰዓት ተቀየረ።

በፍስክ ወራት ደግሞ ምን ይጨመር የሚል ክርክር ተነሳ። አንዳንዶቹ ሥጋ አሉ። ነገር ግን በከተማዋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ገበታ የሚቀርበው የጾም ምግብ ስለሆነ ነው። ሥጋ ከገባ «የማን እርድ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ከደንበኛው ገሚሱ ይቀራል። ስለዚህ እንቁላልና አይብ በጎመን እንዲጨመር ተወሰነ። ሁሉም የሚበላው፣ ዋጋውም ከሥጋ የማይደርስ ነው።

አራተኛ ትምህርት፦ ሙቀትና ንጽሕና

ደጋ ላይ ቡፌ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ወጥ አይጣፍጥም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለብ ብሎ የሚቆይ ምግብ ተህዋስያን የሚራቡበት ነው። የበሰለ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ መቆየት አለበት፤ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ወጣቶቹ የቡፌ ማሞቂያ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰፋፊ ብረት ድስት ውስጥ ውኃ አፍልተው የወጡን ዕቃ በላዩ አስቀመጡ፤ ከሥሩ የከሰል ምድጃ፣ መስኮቱን ከፍቶ።

የዓለም ጤና ድርጅት ምግብን ከብክለት ለመጠበቅ የሚመክራቸው አምስት ቁልፍ ነጥቦች በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእጅ ጽሑፍ ተለጠፉ፦ ንጽሕናን መጠበቅ፤ ጥሬውንና የበሰለውን መለየት፤ በደንብ ማብሰል፤ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፤ ንጹሕ ውኃና ጥሩ ጥሬ ዕቃ መጠቀም። እጅ መታጠቢያው ከጓዳ ወጥቶ በር ላይ ተተከለ፤ ሳሙናውም አይጠፋም። እያንዳንዱ ወጥ የየራሱ ጭልፋ ተደረገለት።

በሰኔ መጨረሻ የተመጋቢው ቁጥር በቀን 33 ደረሰ። ይህ በወር 858 ሳህን ነው። ቋሚ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ 18,900 ብር ተረፈ። የቤት ኪራዩ ውዝፍ ተከፈለ። እኔም «ሥራዬን ጨረስኩ» ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ።

ተሳስቻለሁ።

በሒሳብ ደብተር ያልተጻፈው ወጪ

በሐምሌ አጋማሽ ሰው በድንገት መቅረት ጀመረ። 33 የነበረው በአንድ ሳምንት ውስጥ 15 ገባ። ምግቡ ያው ነው፣ ዋጋው ያው ነው፣ ሽሮውም ያው ነው። አንድ ቀን ከመናኸሪያው አንድ ረዳት መጥቶ ከወንዶቹ አንዱን ወደ ውጭ ጠራውና «ወጥ ሠሪያችሁ እኮ በሽታው አለባት አሉ፤ እናንተ አታውቁም?» አለው።

ወጥ ሠሪዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች አምስት ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን በቀን አንድ ጊዜ ትወስዳለች፤ ጤናማ ናት፣ ከሁሉም ቀድማ ወጥ ቤት የምትገባውም እሷ ናት። ለማኅበሩ አባላት ነግራቸው አታውቅም፤ የመናገር ግዴታም አልነበረባትም። መድኃኒት ለመቀበል ተሰልፋ ያያት ሰው ነው ወሬውን የነዛው።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። 15 ሰው በ26 ቀን 390 ሳህን ነው። በ50 ብር ሲባዛ 19,500 ብር፤ ከ24,000 ሲቀነስ 4,500 ብር ኪሳራ። ከ18,900 ትርፍ ወደ 4,500 ኪሳራ። አድልዎና መገለል ብር አይደለም ያለው ማነው?

ማኅበሩ ተሰበሰበ። እሷ ራሷ አልነበረችም። ከወንዶቹ አንዱ ለሥራው መነሻ የእናቱን እቁብ አምጥቶ ነበር። «እኔ እሷን ጠልቼ አይደለም» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «በምግብ እንደማይተላለፍ ክበብ ውስጥ ተምሬያለሁ። ግን ሰዉ አልተማረም። የሚበላው የእናቴ እቁብ ነው።» ሊፈረድበት ይቀላል፤ እኔ ግን አልፈረድኩበትም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር።

የእኔን ጥፋት ደግሞ ልንገራችሁ። መፍትሔ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። «ወሬው እስኪበርድ ለጊዜው ሒሳብ መቀበያው ላይ ትቀመጥ» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። በማግስቱ ልነግራት ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን እኔ ከድስቱ ብርቅ ሰዉ ምን ይላል? ‹አየህ፣ እውነት ነው፤ ራሳቸውም ፈርተው አራቋት› ነው የሚለው። ሽሮዬ ካልጣፈጠ አባርሩኝ። እጄ ከቆሸሸ አባርሩኝ። በዚህ ግን አይሆንም፣ እህቴ።»

መልስ አጣሁ። በዩኒቨርሲቲ ስለ መገለል ፈተና ጽፌ አልፌያለሁ። ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ላይ መገለል በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንደማይቆም፣ ከሰውየው ጋር ወዳለው ሁሉ እንደሚተላለፍ ያስረዳል። ቫይረሱ ከእሷ ወደ ወጡ አልተላለፈም። መገለሉ ግን ከእሷ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ አምስቱ ጓደኞቿ ተላለፈ። እኔም መገለሉን የማስቆም መስሎኝ ራሴ ሳስፋፋው ነበር። ይህን ያስተማረችኝ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ናት።

ኤች አይ ቪ በምግብ ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ይህንን በማያሻማ ቋንቋ እንማማር።

ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደም፣ በጋራ በምንጠቀምባቸው ስለታማ ነገሮችና መርፌዎች፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ነው። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሳህን በመጠቀም፣ በመጨባበጥ፣ በሳልና በትንፋሽ፣ በአንድ መፀዳጃ ቤት በመጠቀም አይተላለፍም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ በማብሰያ ሙቀትም ይሞታል።

«ወጥ ሠሪዋ እጇን ብትቆረጥስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ማንኛዋም ወጥ ሠሪ እጇ ከተቆረጠ ሥራ ታቆማለች፣ በውኃና በሳሙና ትታጠባለች፣ ቁስሉን በፕላስተር ትሸፍናለች፣ ጓንት ታደርጋለች፤ የነካው ምግብም ይደፋል። ይህ የንጽሕና ሕግ ነው፤ ቫይረሱ ላለባትም ለሌለባትም እኩል ይሠራል።

ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው የጤና ምርመራ ሲያደርግ የሚፈለጉት በምግብ ሊተላለፉ ወይም በቅርበት ሊዛመቱ የሚችሉ ሕመሞች ናቸው፤ ለምሳሌ ታይፎይድ፣ የአንጀት ጥገኛ ተዋስያንና የሳንባ ነቀርሳ። ኤች አይ ቪ ከነዚህ ወገን አይደለም። ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል።

ሌላም ማወቅ ያለብን አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የወረደ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ታዲያ በሽሮ የሚተላለፍበት ምን መንገድ አለ?

ምን ተደረገ?

ስብሰባው እንደገና ተጠራ፤ በዚህኛው እሷም ነበረች። ሐሳቤን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከአባላቱ አንዷ «ወጥተሽ ለሕዝቡ ብትመሰክሪ ጥሩ ነበር» አለቻት። እሷም «እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ትምህርት መስጫ አይደለሁም» አለች። ልክ ናት። ራሱን ይፋ አውጥቶ ማስተማር ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንኳ ሳወጣ አንብቤላት ፈቅዳልኝ ነው።

በስምምነት አራት ነገር ተወሰነ።

አንደኛ፣ ስለ እሷ ማንም ማንንም አያናግርም። የሚጠይቅ ካለ መልሱ አንድ ነው፦ «የሰው ጤና የግሉ ነው። ምግባችን ንጹሕ ነው፤ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው፣ ግቡና እዩ።» ሁለተኛ፣ የወጥ ቤቱ መጋረጃ ተነስቶ በሩ ወለል ብሎ ይታያል። ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ከሠፈሩ ሰዎች ጋር ውይይት ይደረጋል፤ አንዲት ነርስ ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች፣ ስለ ታይፎይድና ስለ እጅ መታጠብ ታስረዳለች። የማንም ስም አይነሳም። አራተኛ፣ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት፣ ስድስቱም አባላት በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ አብረው ምሳ ይበላሉ።

በመጀመሪያው ቀን በበሩ የሚያልፈው ሰው እየዞረ ያያቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ያ የእናቱን እቁብ ያመጣው ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። እማማ ተቀመጡ፣ ታጠቡ፣ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ሁሉም ፊታቸውን ያያል። «ጨው አንሷታል» አሉ። ወጥ ሠሪዋ ከጓዳ ሳቀች፤ እውነትም ጨው አንሶት ነበር። ጨዋታው በዚያ ቀን ቀለል አለ።

ከቀሩት ደንበኞች መጀመሪያ የተመለሱት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ምንም አልጠየቁም። ከቅዳሜው ውይይት በኋላ ሰኞ መጡና የተለመደ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሦስት የመሥሪያ ቤት ሴቶች ተከተሉ። ፍልሰታ ሲገባ 20 ሰው ደረሰ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በቀን በአማካይ 27 ሰው ይመገብ ነበር፤ በወር 11,100 ብር ትርፍ ማለት ነው። ወደ 33 አልተመለሰም። ያ ረዳትና ጓደኞቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ነገር ግን የሳህኑ ወጪ 95 ብር ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ 37 ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ቤቱ ያኔውኑ ተዘግቶ ነበር። ሒሳባቸውን አስተካክለው ስለነበር የወሬውን ወራት ሊሻገሩ ቻሉ። አብረው ስለቆሙ ደግሞ ሒሳቡ ሥራ ላይ ዋለ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም ነበር።

ለማኅበራት ማስታወሻ

የቡፌ፣ የሻይ ቤት ወይም ሌላ የምግብ ሥራ ያላችሁ ወጣቶች ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልታደርጉት የምትችሉት ይህ ነው፦

1. ለአንድ ሳምንት የተገዛውንና የተሸጠውን ሳትሸሽጉ ጻፉ፤ የአንድ ሳህን ትክክለኛ ወጪ አውጡ።
2. ቋሚ ወጪያችሁን ደምሩ፤ በቀን ስንት ሰው ካልመጣ እንደምትከስሩ እወቁ። ቁጥሩን ሁሉም አባል በቃሉ ይያዘው።
3. የሚጣለውን ምግብ በየቀኑ መዝኑ። የሚመዘን ነገር ይቀንሳል።
4. ገበያ በሞላ ጊዜ ገበያ ለሚጠፋበት ጊዜ ቆጥቡ።
5. የንጽሕና ደንባችሁ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል ይሁን። ለአንድ ሰው ብቻ የወጣ ደንብ አድልዎ ነው።
6. የአባላትን የጤና ምሥጢር ጠብቁ። ወሬ ቢነሳ ምን እንደምትመልሱ ከመነሳቱ በፊት ተስማሙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

በክበባችሁ ወይም በማኅበራችሁ ቁጭ ብላችሁ ተወያዩበት። ወጥ ሠሪዋ ሒሳብ መቀበያ ላይ ብትቀመጥ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? የእናቱን እቁብ ያመጣው ልጅ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ያ ረዳት ነገ በራችሁ ላይ ቢቆም በምን ቃል ትቀበሉታላችሁ?

እኔ በቅርቡ በዚያች ከተማ ሳልፍ 9 ሰዓት ላይ ገባሁ። ቡፌው ሊነሳ ነበር። ወጥ ሠሪዋ አይታኝ «ቁጭ በይ፣ አሁን የወረደ ሽሮ አለ» አለችኝ። 120 ብሬን ሳወጣ ሒሳብ ያዧ በአውራ ጣቷ የግድግዳውን ዋጋ አሳየችኝ፤ 150 ሆኗል። ዱቤ እንደሌለም አስታወሰችኝ። ከፈልኩና በላሁ።